ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒዩተር ለምን ያዘግማል?



እንደሚታወቀው በብዙዎቻችን ቤት ያለው ኮምፒዩተር አንድ ብቻ ነው። አባት የሱቁን ሒሳብ ይመዘግብበታል፤ እናት ባሕር ማዶ ካሉ ዘመዶች ጋር ትነጋገርበታለች፤ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን ታዘጋጅበታለች፤ ትንሹም ተራውን ጠብቆ ፊደል ይለይበታል። ይህ ኮምፒዩተር ብዙውን ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ፣ አንዳንዴም ከሌላ ሰው እጅ የተገዛ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካቆመ ወዲህ ደግሞ የእነዚህ ኮምፒዩተሮች ነገር ይበልጥ አሳሳቢ ሆኗል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና በኩባንያው ዝርዝር ውስጥ የሰፈረ አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ አሮጌዎቹን ከበር ይመልሳቸዋል።

በዚህ ጊዜ ነው አንድ ወዳጅ መጥቶ «ሊኑክስ ጫኑበት፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ቀላል ነው፣ ይፈጥናል» የሚለው። ይጫናል። ለጥቂት ቀናት ቤተሰቡ ሁሉ ደስ ይለዋል። ከዚያ በኋላ ግን ኢንተርኔት ሲከፈት የመዳፊቷ ቀስት ባለችበት ትደርቃለች፤ ጽሑፍ ሲጻፍ ፊደሉ ከጣት ኋላ ኋላ ይመጣል፤ ኮምፒዩተሩ ተነሥቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ ሻይ ይፈላል። «ሊኑክስም ያው ነው» ይባልና ኮምፒዩተሩ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይቀመጣል፤ ወይም ለሌላ አስፈላጊ ነገር የተቀመጠው ገንዘብ ተነሥቶ አዲስ ይገዛል።

ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ የተቻኮለ ነው። በእርግጥ ሊኑክስ የሚለው ስም ብቻውን አያፈጥንም። በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ የሚታየው መዘግየት ግን ምክንያቱ ተለይቶ ሊታወቅ የሚችል ሲሆን፣ ከፕሮሰሰሩ እርጅና ይልቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሜሞሪ ጥበትና ከዲስክ ዝግመት ነው። ሁለቱም በመጠነኛ ወጪ፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ወጪ ሊቃለሉ ይችላሉ።

ለአብነት ያህል እ.ኤ.አ. በ2009 አካባቢ የተሠራ፣ ኮር ቱ ዱዎ የተባለ የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ 2 ጊጋ ባይት ራምና የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ እንውሰድ። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ይህን የመሰለውን ኮምፒዩተር በዓይነ ኅሊና እያየን ነው።

ከርነሉና ልብሱ

ሊኑክስ በመሠረቱ ከርነል ነው፤ ማለትም ፕሮግራሞችን ከኮምፒዩተሩ አካላት ጋር የሚያገናኝ፣ ሜሞሪና ፕሮሰሰርን ለሁሉም የሚያካፍል ውስጣዊ ክፍል። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጀምረው የጻፈው በዚያን ጊዜ እቤቱ ለነበረው 386 ኮምፒዩተር ነበር። (ያ የ386 ፕሮሰሰር ዛሬ በአዲሱ ከርነል አይሠራም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው 3.8 የተባለው እትም ጥሎታል። አሮጌ ዕቃን ሁሉ ለዘላለም ይሸከማል የሚባለው ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል።)

በዓይናችን የምናየው መስኮት፣ ሜኑ፣ ምስልና ቀለም ግን ከርነሉ አይደለም። ይህ በላዩ የሚለበስ ልብስ ሲሆን ዴስክቶፕ ይባላል፤ ዓይነቱም ብዙ ነው። ጂኖም የተባለው በኡቡንቱና በፌዶራ ላይ ተዘጋጅቶ የሚመጣው ነው። ያማረ ነው፤ ነገር ግን ምንም ፕሮግራም ሳይከፈት ገና ሲነሣ ብቻ 1 ጊጋ ባይት ወይም ከዚያ በላይ ሜሞሪ ሊይዝ ይችላል። የኡቡንቱ 24.04 አዘጋጆች ራሳቸው ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ራም ይኑር ብለው መክረዋል። እንግዲህ 2 ጊጋ ባይት ያለው ላፕቶፓችን ግማሹን ለልብሱ ከከፈለ በኋላ በቀረው ግማሽ የዛሬውን ኢንተርኔት ሊከፍት ነው። በዚህ ላይ ሊኑክስን መውቀስ፣ ወፍራም ካፖርት ደርቦ «ቆላው ሞቀኝ» እንደ ማለት ነው።

በሽታውን መለየት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለ? ኮምፒዩተር ግን በሽታውን አይደብቅም፤ የሚጠይቀው አጥቶ እንጂ። አራት ምልክቶችን አስተውሉ።

ብዙ ገጾች በተከፈቱ ጊዜ ቀስቷ ከደረቀችና የዲስኩ መብራት ሳያቋርጥ ከበራ ሜሞሪ አልቋል ማለት ነው። አንድ ፕሮግራም መጀመሪያ ሲከፈት ረጅም ጊዜ ወስዶ ተዘግቶ ወዲያው ሁለተኛ ሲከፈት ከፈጠነ ችግሩ ዲስኩ ነው፤ ሁለተኛው ጊዜ የፈጠነው የፕሮግራሙ ፋይሎች በሜሞሪ ውስጥ ስለቆዩለት ነው። ሲነሣ ደህና የነበረው ከሃያና ሠላሳ ደቂቃ በኋላ ማራገቢያው እየጮኸ ቢዘገይ ሙቀት ነው። ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ቪዲዮ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ ደግሞ ያን ጊዜ በእውነት ፕሮሰሰሩና የምስል ካርዱ ደክመዋል።

ይህን በዓይን ለማረጋገጥ የሚፈልግ በሜኑ ውስጥ «ታስክ ማኔጀር» ወይም «ሲስተም ሞኒተር» የተባለውን ይክፈት። ተርሚናል የሚባለውን ጥቁር መስኮት የሚደፍር ደግሞ «ኤችቶፕ» የተባለውን ፕሮግራም ጭኖ ማየት ይችላል። እዚህ ላይ ጀማሪዎችን ሁሉ የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ። ሊኑክስ ያልተሠራበትን ሜሞሪ ባዶ አያስቀምጥም፤ ከዲስክ ያነበበውን ነገር ምናልባት ዳግመኛ ይፈለግ ይሆናል ብሎ ያከማችበታል። ፕሮግራም ሲፈልገው ግን ወዲያው ይለቅለታል። ስለዚህ «ፍሪ» በሚለው ዓምድ ሥር ያለው ቁጥር ጥቂት ቢሆን አትደንግጡ፤ የሚታየው «አቬይለብል» የሚለው፣ ማለትም ለሥራ ሊለቀቅ የሚችለው ነው። ይህን ያላወቁ ሰዎች የተከማቸውን በየደቂቃው የሚያራግፍ ትእዛዝ እየጻፉ ኮምፒዩተራቸውን ራሳቸው ያዘገዩታል።

ሃያ ስምንት ሰዓት የሚፈጅ አንድ ሰከንድ

ሜሞሪ ሲያልቅ ለምን ሁሉም ነገር እንደሚደርቅ ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ፕሮሰሰር ከራም አንድ ነገር ለማምጣት የሚፈጅበት ጊዜ በግምት 100 ናኖ ሰከንድ ነው። ከሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ለማምጣት ግን የማንበቢያው ክንድ እስኪንቀሳቀስና ዲስኩ እስኪዞር ድረስ 10 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይጠብቃል። የሁለቱ ልዩነት መቶ ሺህ እጥፍ ነው። ከራም ማምጣት አንድ ሰከንድ የሚፈጅ ሥራ ቢሆን ኖሮ፣ ከዲስኩ ማምጣት ወደ ሃያ ስምንት ሰዓት ገደማ በፈጀ ነበር።

ራም ሲሞላ ከርነሉ ለጊዜው ያልተፈለገውን ነገር «ስዋፕ» ወደ ተባለ የዲስክ ክፍል ያሸሻል። ያ ነገር እንደገና ሲፈለግ ያንን የሃያ ስምንት ሰዓት መንገድ መመለስ አለበት፤ እሱን ለማስገባት ደግሞ ሌላው መውጣት አለበት። ቀስቷ ስትደርቅ የምናየው ይህን ወዲያ ወዲህ መመላለስ ነው። ፕሮሰሰሩ በዚያ ሰዓት ሥራ አልበዛበትም፤ ቆሞ እየጠበቀ ነው።

ስለዚህ ዕቃ ለመግዛት አቅም ካለ ገንዘቡ የት መዋል እንዳለበት ግልጽ ነው። መጀመሪያ ራም፣ ቀጥሎ ኤስኤስዲ። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ ሲሆን የሚፈለገውን ለማግኘት ከአሥር ሚሊ ሰከንድ ይልቅ የአንድ ሚሊ ሰከንድ አሥረኛ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል። አሮጌው ላፕቶፕ የኤስኤስዲውን ሙሉ ፍጥነት ላይጠቀም ይችላል፤ ቢሆንም ትርፉ የሚገኘው ክንዱን ከመጠበቅ በመዳን ስለሆነ ለውጡ በእጅጉ ይታያል። የሚገዛው ኤስኤስዲ ሳታ የተባለው ባለ 2.5 ኢንች ዓይነት መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ አዲሶቹ እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆኑት ወደዚህ ላፕቶፕ አይገቡም። የራሙም ዓይነት እንዲሁ ነው። ዲዲአር 2፣ ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 የመግቢያ ጥርሳቸው የተለያየ ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። አሮጌውን ፍሬ ነቅሎ ይዞ ሄዶ ለሻጩ ማሳየት ከሁሉ ይሻላል። ከመግዛት በፊትም የላፕቶፑ ሞዴል እስከ ስንት ጊጋ ባይት እንደሚቀበል መታወቅ አለበት፤ አንዳንዱ ከ4 በላይ አይቀበልም።

መግዛት ለማይቻለው ቤተሰብ ደግሞ «ዜድራም» የተባለ ዘዴ አለ። ከርነሉ ሊያሸሽ ያሰበውን ነገር ወደ ዲስክ ከመላክ ይልቅ ጨምቆ እዚያው ራም ውስጥ ያስቀምጠዋል። ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ወይም ወደ ሢሶ ስለሚጨመቅ 2 ጊጋ ባይት የነበረው በተግባር እንደ 3 ሆኖ ሊያገለግል ይችላል። ለመጭመቅና ለመፍታት ፕሮሰሰሩ ጥቂት ይደክማል፤ ነገር ግን ቀድሞም ቆሞ ይጠብቅ የነበረ ነውና አይጎዳም። ፌዶራ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ይህን በራሱ ይጭናል። በዴቢያንና ከእሱ በመነጩት ስርጭቶች «ዜድራም ቱልስ» የተባለውን ጥቅል መጫን ይበቃል። በእኔ አመለካከት ያለ ምንም ወጪ ከሚደረጉት ነገሮች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

ቀላል ልብስ መምረጥ

ዴስክቶፑን ለመቀየር ሁሉንም አፍርሶ እንደገና መጫን ግድ አይደለም። ባለው ላይ ሌላ ዴስክቶፕ ተጨምሮ፣ የይለፍ ቃል በሚጻፍበት የመግቢያ ገጽ ላይ ካለችው ትንሽ ምልክት መምረጥ ይቻላል። አሮጌውም እዚያው ስለሚቆይ ያልተስማማው ይመለሳል።

ከቀላሎቹ መካከል ቀዳሚው ኤክስኤፍሲኢ ነው። ኦሊቪየ ፉርዳን የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረው ሲሆን መልኩ ለዊንዶውስ ተጠቃሚ እንግዳ ስላልሆነ ለእናትና ለአባት አያስቸግርም። ኤልኤክስኪውቲ የተባለው ደግሞ ከእሱም ሊቀል ይችላል፤ ሉቡንቱ ይዞት የሚመጣው እሱን ነው። ሁለቱም እንደ ስርጭቱ ቢለያዩም ሲነሡ ከጂኖም በእጅጉ ያነሰ፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ጊጋ ባይት አካባቢ ይይዛሉ። ከዚህም የሚያንስ ከተፈለገ አንቲኤክስ የተባለው ስርጭት አለ፤ አይስደብልዩኤም በተባለ እጅግ ቀላል የመስኮት አስተዳዳሪ ስለሚሠራ 1 ጊጋ ባይት ብቻ ያለውን ኮምፒዩተር እንኳ ያስነሣል። መልኩ ግን ሸካራ ነው፤ ልጆች ይለምዱታል፣ አዛውንቶች ያጉረመርሙበታል። ለቤተሰብ የሚሆነው የሊኑክስ ሚንት የኤክስኤፍሲኢ እትም ይመስለኛል። አንዱ ምክንያት ፋየርፎክስን በተለመደው ጥቅል ማቅረቡ ነው። ኡቡንቱ ፋየርፎክስን የሚያቀርበው «ስናፕ» በተባለው ዓይነት ሲሆን ይህ በሚሽከረከር ዲስክ ላይ መጀመሪያ ሲከፈት ጎልቶ ይዘገያል።

ከመጫን በፊት በፍላሽ ዲስክ ላይ አስነሥቶ መሞከር ይቻላል። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ የስክሪኑ ብርሃን መሥራታቸው በዚያው ይታያል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ቤት ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለ። የግዕዝ ፊደል መጻፊያው በሊኑክስ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው «አይባስ» በተባለ ፕሮግራም በኩል ነው። ዴስክቶፕ ሲቀየር አይባስ በራሱ ላይነሣ ይችላል፤ «አላስፈላጊ ነው» ብሎ ያጠፋውም ሰው አጋጥሟል ይባላል። አማርኛው ድንገት አልጻፍ ካለ ኮምፒዩተሩ ተበላሸ አትበሉ፤ አይባስ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ እንዲነሣ መልሳችሁ አስመዝግቡት። ፊደሉ በአራት ማዕዘን ሣጥኖች ተተክቶ ከታየ ደግሞ የጎደለው ቅርጸ ፊደል ነውና «አቢሲኒካ» የተባለውን መጫን ይበቃል።

ትልቁ በላተኛ

ይህ ሁሉ ተደርጎም ኢንተርኔት ሲከፈት መዘግየቱ ካልቀረ አትገረሙ። የዛሬ ድረ ገጽ እንደ ድሮው ጽሑፍና ሥዕል ብቻ አይደለም፤ ራሱ ፕሮግራም ነው። ፋየርፎክስም ሆነ ክሮም ለደኅንነት ሲሉ ገጾችን በተለያዩ ሂደቶች ይከፍሏቸዋል። አንድ ከባድ ገጽ ብቻውን ጥቂት መቶ ሜጋ ባይት ሊበላ ይችላል። አሥር ገጽ ከፍቶ «ኮምፒዩተሩ አረጀ» የሚል ወጣት ካለ አንዱን ብቻ ትቶ ዘጠኙን ይዝጋና ልዩነቱን ይመልከት።

ሁለተኛው ነገር ማስታወቂያ ነው። የዜና ገጾች ከዜናው ይልቅ ለማስታወቂያና ለመከታተያ ብዙ ፕሮግራም ይጭናሉ። «ዩብሎክ ኦሪጅን» የተባለው ማገጃ በፋየርፎክስ ላይ ሲጨመር ገጹ ይቀላል፤ የኢንተርኔት ክፍያም ይቀንሳል። በዚያውም ልጆች ሊያዩት የማይገባ ብዙ ምስል አብሮ ይቀራል፤ ይህ ለፍጥነት ብለን ያደረግነው ቢሆንም የሚያስደስት ትርፍ ነው።

ሦስተኛው ቪዲዮ ነው። ትልልቆቹ የቪዲዮ ገጾች ምስሉን የሚልኩት ቪፒ 9 እና ኤቪ 1 በተባሉ አዳዲስ አጨማመቆች ሲሆን፣ የ2009 ላፕቶፕ የምስል ካርድ እነዚህን መፍታት አያውቅም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። የምስሉን ጥራት ወደ 480 ወይም ወደ 360 ዝቅ ማድረግ ሸክሙን በእጅጉ ያቀልለታል፤ በአሮጌ ትንሽ ስክሪን ላይ ልዩነቱም ያን ያህል አይታይም። ፋይሉ በእጅ ካለ ደግሞ በኤምፒቪ ወይም በቪኤልሲ ማየት ይሻላል።

ከዚሁ ጋር በየቤቱ የተለመደ አንድ ነገር ላንሣ። የቁርኣን ቲላዋ ለማዳመጥ ብዙዎቻችን ቪዲዮ ከፍተን እንተወዋለን። ጆሯችን የሚፈልገው ድምፁን ብቻ ሲሆን ኮምፒዩተሩ ግን አንድ ሙሉ የኢንተርኔት ገጽና የማይታይ ምስል ተሸክሞ ይውላል፤ የኢንተርኔቱም ሒሳብ ይቆጥራል። የድምፁን ፋይል አንድ ጊዜ አውርዶ «ኦዳሽየስ» በመሰለ ቀላል የድምፅ ማጫወቻ መክፈት የሚይዘው ሜሞሪ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። እናት በአንድ በኩል እያዳመጠች ልጅቱ በሌላ መስኮት ጽሑፏን መቀጠል ትችላለች።

አራተኛውን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ቤተሰብ በየስሙ መግቢያ ሲኖረው ደስ ይላል፤ የአንዱ ፋይል ከሌላው አይቀላቀልም። ነገር ግን ወንድም ሥራውን ሳይዘጋ እኅት «ስዊች ዩዘር» ብላ በራሷ ስም ስትገባ፣ የእሱ ገጾችና ፕሮግራሞች ሁሉ እዚያው ሜሞሪ ውስጥ ተቀምጠዋል። እሷ አንድ ገጽ ብቻ ከፍታ ኮምፒዩተሩ ሲንፏቀቅባት ምክንያቱ አይገባትም። ተራ ሲለዋወጡ «ሎግ አውት» ብሎ ፈጽሞ መውጣት የቤቱ ልማድ ቢሆን ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ሲነሣ የሚዘገየው

በኤክስኤፍሲኢ ሜኑ ውስጥ «ሴሽን ኤንድ ስታርታፕ» የሚል አለ። ከኮምፒዩተሩ ጋር አብረው የሚነሡት ፕሮግራሞች ዝርዝር እዚያ ይገኛል። ብሉቱዝ የሌለው ቤት የብሉቱዙን፣ ማተሚያ የሌለው የማተሚያውን ምልክት ማንሣት ይችላል። የማታውቁትን ግን አትንኩ፤ ኔትወርክ ማኔጀርን ያጠፋ ኢንተርኔቱን አጠፋ። «ዊንዶው ማኔጀር ትዊክስ» በሚለው ውስጥ ደግሞ «ኮምፖዚተር» የሚባለው ለመስኮቶች ጥላና ግልጽነት የሚሰጥ ነው። በደካማ የምስል ካርድ ላይ ሲጠፋ መስኮቶች ቀለል ብለው ይንቀሳቀሳሉ። ቪዲዮ ሲታይ ምስሉ በመሐል እንደ ተቀደደ ሆኖ ከታየ መልሱት።

ኮምፒዩተሩ በሚነሣበት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ እስከ አንድ ደቂቃ ከሠላሳ ሰከንድ የሚቆጥር ከሆነ ይህ የእርጅና ምልክት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሆነ የዲስክ ክፍል ተቀይሮ ወይም ተሰርዞ፣ ሥርዓቱ ግን በአሮጌ መለያው እየፈለገው ነው። «ኤፍስታብ» በተባለው ፋይል ውስጥ ያለውን ያንን መስመር የሚያውቅ ሰው ቢያስተካክለው ዘጠናው ሰከንድ በአንድ ጊዜ ይጠፋል።

ከሁሉ በፊት ሊደረግ የሚገባው

ከላይ ከተጠቀሰው ሁሉ አንዱንም ከመንካት በፊት የቤተሰቡ ፎቶዎች፣ የሱቁ ሒሳብና የልጅቱ ጽሑፍ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ አለባቸው። ይህን የምንለው ለወጉ አይደለም። የሀርድ ዲስክ ዝግመት አንዳንድ ጊዜ የሞቱ መጀመሪያ ነው። የተበላሸውን ቦታ ደጋግሞ ለማንበብ ስለሚታገል ኮምፒዩተሩ ሁሉ ይቆማል፤ ሰዎችም የሜሞሪ ጉዳይ መስሏቸው ዴስክቶፕ ሲቀያይሩ ዲስኩ እጃቸው ላይ ያርፋል።

ለማወቅ «ዲስክስ» የተባለውን ፕሮግራም ከፍቶ «ስማርት» የሚለውን የጤንነት መዝገብ መመልከት ነው። ጉዳት ደርሶባቸው በሌላ የተተኩ ቦታዎችና መነበብ አቅቷቸው ተራ የሚጠብቁ ቦታዎች ቁጥር እዚያ ተመዝግቧል። ዜሮ ከሆኑ አልሐምዱሊላህ ነው። ከዜሮ በላይ ሆነው ከሳምንት ሳምንት የሚጨምሩ ከሆነ ግን የዚያን ዕለት ፋይሎቹን አውጡ፤ የምትቀይሩት ዴስክቶፑን ሳይሆን ዲስኩን ነው።

የሙቀቱ ጉዳይ አጭር ነው። የላፕቶፕ ማራገቢያ አቧራ ሲሞላበት ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል። በፍራሽና በብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራት የአየር መግቢያውን ይደፍናል። ጠፍቶና ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ፣ የሚነቀል ከሆነም ባትሪው ወጥቶ፣ የማራገቢያው ቅጠል እንዳይሽከረከር በቀጭን እንጨት ተይዞ በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል። በፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ከደረቀ ደግሞ ለባለሙያ መስጠት ነው።

የማንመክራቸው

ፍጥነት ይሰጣሉ እየተባሉ ከሚነገሩት መካከል ብዙዎቹ ወይ ከንቱ ናቸው ወይ አደገኛ። ከማይታወቅ ሰው የተገኘ ረጅም ትእዛዝን «ሱዱ» ከሚለው ቃል ጋር በተርሚናል ላይ መለጠፍ የቤቱን ቁልፍ ለመንገደኛ እንደ መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ይፋ የወጡትን የፕሮሰሰር ድክመቶች፣ ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉትን፣ ለመከላከል በከርነሉ ውስጥ የተጨመረውን ጥበቃ አጥፉ የሚሉም አሉ። ጥቂት ፍጥነት ይገኝ ይሆናል፤ የባንክ የይለፍ ቃል በሚጻፍበት የቤተሰብ ኮምፒዩተር ላይ ግን አይገባም። የማሻሻያ ጥቅሎችን ማቆምም እንዲሁ ነው። ኢንተርኔቱ ውድ ከሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ዋጋው በሚቀንስበት ሰዓት ማውረድ ይቻላል።

አሁን ደግሞ ስለ አቅም ወሰን እውነቱን እንነጋገር። ከላይ የተጠቀሰው ላፕቶፕ 4 ጊጋ ባይት ራምና ኤስኤስዲ ቢያገኝ ለጽሑፍ፣ ለሒሳብ ሠንጠረዥ፣ ለኢሜይል፣ ለንባብና በመጠኑ ለቪዲዮ አስተማማኝ አገልጋይ ይሆናል። ብዙ ሰዎች በምስል የሚታዩበት የኢንተርኔት ስብሰባ ግን ይከብደዋል፤ ምስልን በየቅጽበቱ መጭመቅና መፍታት ስለሚጠይቅ በዚህ ጊዜ ሜሞሪ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ራሱ ይሸነፋል። ለዚያ ስልክ ይሻላል።

ከዚህም የሚያረጅ፣ ፕሮሰሰሩ ባለ 32 ቢት የሆነ ኮምፒዩተር ያለው ቤት ደግሞ ምርጫው ጠቧል። ዴቢያን እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ ለባለ 32 ቢት የግል ኮምፒዩተሮች ይሰጥ የነበረውን መጫኛ አቋርጧል፤ 12ኛው እትም የረጅም ጊዜ ድጋፍ የታቀደለት እስከ ጁን 2028 ነው። እንዲህ ያለውን ኮምፒዩተር ኢንተርኔቱን ነቅሎ፣ አንቲኤክስን ወይም ያንን ዴቢያን ከኤክስኤፍሲኢ ጋር ጭኖ፣ የአማርኛ መጻፊያውን አስተካክሎ ለልጆች የጽሑፍ መለማመጃ ማድረግ ይቻላል። ሦስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያሉትን ቁልፎች ለማጥናት ከዚያ በላይ ኮምፒዩተር አያስፈልገውም።